ኩል ያልተቀባ የሚመስል ኩል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኩል የሚወዱ ሴቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዷ መስመሩ ከሩቅ እንዲታይላት ትፈልጋለች። ሌላዋ «ዛሬ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ ያማረብሽ?» ስትባል ደስ ይላታል፤ «ኩልሽ ያምራል» ከተባለች ግን ነገሩ ከሸፈባት ማለት ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ለሁለተኛዋ ናቸው።

ያልተቀባ የሚመስል ኩል ሲባል ምን ማለት ነው?

ቀለሙ የሚቀመጠው ቆዳ ላይ ሳይሆን በሽፋሽፍቱ መካከል ነው ማለት ነው። መስታወት ፊት ሆነሽ አገጭሽን ቀና፣ ዓይንሽን ዝቅ አድርጊ። የላይኛው ሽፋሽፍት ሥር ላይ በፀጉርና በፀጉር መካከል ትንንሽ ክፍተቶች ታያለሽ። ቆዳው በነዚያ ክፍተቶች ብልጭ ስለሚል ነው ሽፋሽፍት ሳሳ ያለ የሚመስለው። እነሱን ብቻ ከሞላሻቸው ሽፋሽፍትሽ በአንዴ የበዛ ይመስላል። ዓይንሽ ይጎላል፣ መስመር ግን የለም። ከክፍተቶቹ አልፎ ወደ ዓይንሽ ቆብ ቆዳ የወጣው ቀለም ነው ኩል መሆኑ የሚታወቀው።

እሺ፣ እንዴት ነው የሚሠራው?

መጀመሪያ ቆቡ ላይ ያለውን ወዝ አንሺ። ደረቅ ሶፍት በቀስታ ጫን አድርገሽ ብታነሺው ይበቃል።

ከዚያ መስታወቱ። ብዙ ሰው የሚቸገረው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ መስታወት ፊት ቆሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በሌላው ለማየት ሲታገል ነው። ተዪው። ትንሽ መስታወት ከአገጭሽ ዝቅ አድርገሽ አስቀምጪና ወደ ታች ተመልከቺ። ሁለቱም ዓይኖችሽ ያያሉ፣ ቆብሽም ራሱን ወጠር ያደርጋል። በጣት መጎተት አያስፈልግም። ቆዳውን ጎትተሽ ያሰመርሽው መስመር ስትለቂው ይጨማደዳል፤ ደግሞም ይህ ቆዳ ስስ ስለሆነ በየቀኑ መጎተቱ አይበጀውም።

ክርንሽን ጠረጴዛ ላይ፣ ትንሿን ጣትሽን ጉንጭሽ ላይ አሳርፊ። የኩል እርሳስሽን ጫፍ ከላይ በኩል ሽፋሽፍቱ ሥር ድረስ አስጠጊና ነጥብ አድርጊ። ትንሽ ፈቀቅ፣ ሌላ ነጥብ። መስመር ከማስመር ይልቅ ዘር እንደ መትከል ቁጠሪው። ከውጪኛው ጥግ ጀምረሽ ወደ መሐል ነይ። ሽፋሽፍት ብዙ ጊዜ ረዘም የሚለው ወደ ውጪኛው ጥግ ነው፤ ስለዚህ ቀለሙም እዚያ ጠቆር ቢል ዓይን አይከብደውም። ወደ አፍንጫ የሚቀርበውን ሲሶ ወይ ጨርሰሽ ተዪው፣ ወይ በጣም አሳሺው። እዚያ ላይ ጥቁር ከበዛ ዓይን ትንሽ ሆኖ ይታያል።

ነጥቦቹ ሲያልቁ ጫፉ ሰያፍ የሆነ ቀጭን ብሩሽ ውሰጂ። ጄል እርሳስ ከሆነ ፍጠኚ፤ ብዙዎቹ ግማሽ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይደርቃሉ፣ ከደረቁ በኋላ ደግሞ አይነቀነቁም። ብሩሹን ሥሩ ላይ ጫን እያደረግሽ ግራና ቀኝ በጥቂቱ አወዛውዢው። ነጥቦቹ ይገጣጠማሉ፣ ጠርዙም ይለሰልሳል።

አሁን ዓይንሽን ገልጠሽ ፊት ለፊት ተመልከቺ። ቀና ብለሽ እያየሽ መስመር ከታየሽ በዝቷል። ብሩሹን ጠርገሽ በንጹሕ ጎኑ ከላይ ያለውን አሳሺው። ሽፋሽፍት መቆልመሚያ ካለሽ ቆልምሚው፣ ከዚያ ማስካራ አንድ ዙር፣ እሱም ሥሩ ላይ። መቆልመሚያው ሁልጊዜ ከማስካራ በፊት ነው። የደረቀ ማስካራ ላይ ከተጫነ ሽፋሽፍት ሊሰብር ወይም ሊነቅል ይችላል።

የቆቡ ውስጠኛ እርጥብ ጠርዝ ላይ መቀባትስ? ሁሉም ሰው እሱን ነው የሚመክረው።

አውቃለሁ። ቪዲዮ ላይ ሲታይ ደስ ይላል። የላይኛውን ቆብ ቀና አድርጎ ከሽፋሽፍቱ በታች ያለውን እርጥብ ጠርዝ ማጥቆር ውጤቱ በጣም የተፈጥሮ ይመስላል። አልክድም። ችግሩ ያለው ቦታው ላይ ነው።

እዚያ ጠርዝ ላይ፣ ከሽፋሽፍቱ ጀርባ፣ ደቃቅ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። የሜይቦሚያን ዕጢዎች አፍ ናቸው። በላይኛው ቆብ ላይ ከ25 እስከ 40፣ በታችኛው ላይ ከ20 እስከ 30 ያህል ይሆናሉ። ሥራቸው ቀጭን ዘይት ማውጣት ነው። ዘይቱ እንባሽን ከላይ ስለሚሸፍነው እንባው ቶሎ አይተንም። በየቀኑ ሰምና ቀለም እዚያ ላይ ሲለጠፍ ቀዳዳዎቹ ሊደፈኑ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የዓይን መድረቅ፣ መቆጥቆጥና መቅላት ነው።

ተመራማሪዎች ይህንኑ በካሜራ ተከታትለውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የካናዳው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ይፋ ባደረገው ጥናት፣ እርሳሱ ከሽፋሽፍቱ ውስጥ በኩል ሲቀባ ወደ እንባው የገባው ብናኝ ከውጭ በኩል ከተቀባው ከ15 እስከ 30 በመቶ ይበልጣል። የገባውም በ5 ደቂቃ ውስጥ ነው።

እኔ እንዲህ ነው የማየው። ለፎቶ፣ ለመድረክ፣ ለአንድ ልዩ ምሽት ከሆነ ምንም አይልም። ለሥራ ቀን ግን ከላይ በኩል በነጥብ የሚሞላው ይበቃል፤ ልዩነቱን አንቺ እንጂ ሌላ ሰው አያውቀውም። የመገናኛ ሌንስ የምታደርጊ ከሆነ፣ ዓይንሽ የሚደርቅ ከሆነ ወይም አለርጂ ካለብሽ ደግሞ ውስጠኛውን ጠርዝ ጭራሽ አትንኪው።

ጥቁር ይሻላል ወይስ ቡናማ?

ኩሉ ከሽፋሽፍትሽ ጋር ይመሳሰል። ከቆዳሽ ጋር አይደለም። የብዙ ሰው ስህተት እዚህ ላይ ነው። «የተፈጥሮ» የሚል ስም የተሰጠው ሁሉ ፈዛዛ ቡናማ ይሆንና ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ ሲቀባ ወይ ይጠፋል ወይ አመድማ ይሆናል። ሽፋሽፍትሽ ድቅድቅ ጥቁር ከሆነ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቡናማ ምረጪ። ቀጭን አድርገሽ እስከተቀባሽው ድረስ ጥቁሩም ችግር የለውም።

መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን ሞክሪው። የመታጠቢያ ቤት መብራት ያታልላል።

ለለውጥ ያህል ጥቁር ሰማያዊ መሞከር ይቻላል። በደንብ የጠቆረውን ነው የምልሽ። ከሩቅ ጥቁር ይመስላል፣ ቀረብ ሲባል ግን የዓይንን ነጭ ክፍል ጠራ ያደርገዋል። እንቅልፍ ላጣሽበት ጠዋት ይረዳል። ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ወይም ወይን ጠጅ ደግሞ ዓይንሽ በቀላ ቀን ይቅርብሽ፤ ቅላቱን ያጎላዋል።

እርሳስ፣ ጄል፣ ፈሳሽ ወይስ አይሻዶ (የዓይን ቆብ ቀለም)?

ለዚህ ዓይነቱ አኳኳል ፈሳሹ የመጨረሻ ምርጫዬ ነው። ጠርዙ ጥርት ያለ ስለሆነ መስመር መሆኑ ይታወቃል። እርሳስ ለጀማሪ ቀላል ነው፤ በጣም ጠንካራ ከሆነ ግን ቆዳ ይጎትታል። የእጅሽ ጀርባ ላይ ጥቂት ጊዜ ብታሺው ሞቅ ብሎ ይለሰልሳል። በተቃራኒው ከመቅረጫው ሲገባ የሚሰባበር ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ ትንሽ አቆዪውና ቅረጪው።

አንድ ነገር ብቻ ግዢ ብባል ግን እርሳሱን ትቼ ያንን ሰያፍ ብሩሽ አስገዛሻለሁ። ብሩሹ ካለሽ ጠቆር ያለ ቡናማ አይሻዶ ራሱ ኩል ይሆናል። በደረቁ ብትጠቀሚው በጣም ስስ ጥላ ይሰጥሻል፤ ብሩሹን በትንሹ ብታርጥቢው ጠንከር ይላል። ስትሳሳቺም ይቅር ይላል፤ በጥጥ ጠረግ ማድረግ ነው።

ጠዋት አምሮብኝ ወጥቼ ከሰዓት ዓይኔ ሥር ይጠቁራል። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ጥቁሩ የት ላይ እንዳለ ተመልከቺ። ቦታው መንስኤውን ይነግርሻል።

ከላይ፣ የቆቡ እጥፋት ላይ ከታተመ፣ ወይ ቆብሽ ወዛም ነው ወይ ኩሉ ሳይደርቅ ዓይንሽን ገልጠሽዋል። ዝቅ ብለሽ እያየሽ ትንሽ ታገሺ፤ ከዚያ በላዩ ላይ ተመሳሳይ ቀለም ያለው አይሻዶ በስሱ ጫን አድርጊበት። ዱቄቱ ሰሙን ያስረዋል።

ከታችኛው ሽፋሽፍት ሥር፣ በተለይ ወደ ውጪኛው ጥግ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ኩሉ አይደለም፤ ማስካራው ነው። ወይም ጠዋት ዓይንሽ ሥር የተቀባሽው ክሬም ነው። ኩል የሚሠራው ከሰምና ከዘይት ስለሆነ ሌላ ዘይት ሲያገኘው ይቀልጣል። ውሃ የማያስለቅቀው ዓይነት እንኳ ለዘይት እጁን ይሰጣል። «ዋተርፕሩፍ ገዝቼም ይለቅብኛል» የሚሉ ሰዎች ነገር ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ክሬሙን ከሽፋሽፍቱ ራቅ አድርገሽ፣ የዓይን ዙሪያ አጥንቱ ላይ ብቻ ተቀቢ። እስኪመጠጥም ጠብቂ።

በአፍንጫ በኩል ያለው ጥግ ላይ ጥቁር እንክብል ነገር ከተሰበሰበ ደግሞ ኩሉ እንባሽ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። እንባ የሚፈስሰው ወደዚያ ጥግ ነው፤ መውረጃ ቀዳዳዎቹም እዚያ ናቸው። እርጥቡ ጠርዝ ላይ መቀባት ስታቆሚ እሱም ይቆማል።

ከታችስ ልቀባ?

ባትቀቢ ደስ ይለኛል። ካልሆነልሽ ውጪኛው ሲሶ ላይ ብቻ፣ በእርሳስ ሳይሆን በአይሻዶ፣ ጥላ እስኪመስል ድረስ አሳስተሽ። ታች ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ማሰመር ዓይንን ይዘጋዋል። የደከመው ዓይን ነቃ ያለ እንዲመስል ታችኛው እርጥብ ጠርዝ ላይ የቆዳ መልክ ያለው እርሳስ የሚቀቡ አሉ። ከነጩ ይሻላል፤ ነጩ በጣም ያስታውቃል። ስለ ዕጢዎቹ ያልኩት ግን እዚህም ይሠራል።

ከዓይኔ ጥግ ትንሽ ጭራ ባወጣበት ይበላሻል?

አይበላሽም፣ ካላካበድሽው። የታችኛው ሽፋሽፍት መስመር ወደ ቅንድብሽ ጫፍ ቢቀጥል የት እንደሚሄድ ገምቺ፤ ጭራው የሚሄደው በዚያ አቅጣጫ ነው። ርዝመቱ ከመጨረሻው ሽፋሽፍትሽ አይለፍ። በአይሻዶና በብሩሽ ሥሪው። ሁለቱ እኩል አልሆን ካሉሽ ረጅሙን አሳጥሪ እንጂ አጭሩን አታስረዝሚ። አጭሩን ማስረዘም ከጀመርሽ ማቆሚያ የለውም፣ ጆሮሽ ጋ ትደርሻለሽ።

ዓይኔን ስገልጥ የቆቤ እጥፋት ኩሉን ይውጠዋል።

እንዲህ ያለ ዓይን ላላት ሴት ይህ አኳኳል ከማንም በላይ ይመቻታል። ወፍራም መስመር ብታሰምሪ ዓይንሽ ሲገለጥ ግማሹ አይታይም፤ የተረፈው ደግሞ እጥፋቱ ላይ ይታተማል። ሽፋሽፍት መካከል ያለው ግን አይደበቅም። ነጥቦቹን ዝቅ ብለሽ እያየሽ አድርጊ፤ ጭራ የምታወጪ ከሆነ ግን ቀና ብለሽ፣ ዓይንሽን ገልጠሽ፣ ፊትሽን ሳታኮማትሪ ቦታውን ምልክት አድርጊ። ዓይን ሲጨፈን የሚያምር ጭራ ሲገለጥ ሊሰበር ይችላል።

ዓይንሽ ጎድጎድ ያለ ከሆነ ጥቁሩን ትተሽ ቡናማውን ያዢ፤ ጥላው በተፈጥሮ አለሽ። ዓይኖችሽ ከተቀራረቡ ቀለሙን ወደ ውጪኛው ግማሽ አድርጊ፤ ከተራራቁ ወደ ውስጠኛው ጥግ ትንሽ አስጠጊው። የዓይንሽ ውጪኛ ጥግ ዝቅ የሚል ከሆነ የሽፋሽፍቱን መስመር እስከ መጨረሻው አትከተዪ፤ ትንሽ ሲቀርሽ ወደ ላይ ቀና አድርጊው።

እጄ ይንቀጠቀጣል።

የሁሉም ይንቀጠቀጣል። ለዚህ ነው በመስመር ፈንታ ነጥብ ያልኩሽ።

መነጽር አደርጋለሁ። ለውጥ አለው?

አለው፤ እንደ መነጽሩ ዓይነት። የሩቁን ለማየት የሚደረገው መነጽር ዓይንን አሳንሶ ያሳያል። ስለዚህ ጠቆር ያለ ቀለም መጠቀም ትችያለሽ፣ ሽፋሽፍትሽንም በደንብ ቆልምሚ። የቅርብ ለማየት የሚደረገው ደግሞ ዓይንን አጉልቶ ያሳያል፤ ኩሉንም፣ ስህተቱንም አብሮ ያጎላል። እዚያ ላይ ጠርዙን በደንብ ማለስለስ ነው።

የመገናኛ ሌንስ ከሆነ ቅደም ተከተሉን አትርሺ። እጅሽን ታጥበሽ መጀመሪያ ሌንሱን አድርጊ፣ ከዚያ ተኳዪ። ማታ ደግሞ መጀመሪያ ሌንሱን አውልቂ፣ ከዚያ ኩሉን አስለቅቂ።

ዕድሜዬ ገፍቷል፤ እርሳሱ ቆቤ ላይ ይቆራረጣል።

እርሳሱን ይተዉት። ቆዳው ሲሳሳና ሲሸበሸብ እርሳስ እያጠፈው ስለሚሄድ መስመሩ ይዘላል። አይሻዶ በሰያፍ ብሩሽ፣ ጫን እያደረጉ። ቀለሙም ከጥቁር ወደ ቡናማ ወይም ወደ ጠቆር ያለ ግራጫ ዝቅ ቢል ፊትዎን ያለሰልሰዋል። የሚያብለጨልጭ ነገር ግን ቆቡ ላይ አያድርጉ፤ ሽብሽቡን ያጎላዋል።

ዱቄቱ ባህላዊ ኩልስ ከፋብሪካው አይሻልም? ተፈጥሯዊ ነው ይባላል።

ተፈጥሯዊ መሆኑ ዋስትና አይደለም። በብዙ አገሮች የሚሸጠው ድንጋይ ተፈጭቶ የሚሠራ ኩል ጋሌና ከሚባል ማዕድን ሊሆን ይችላል። ጋሌና ማለት ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ከድኝ ጋር የተዋሐደበት ማዕድን ነው። የጥንት ግብፆች ዓይናቸውን ያጠቆሩት በዚሁ ነው፤ ያኔ የሚመረምር ላቦራቶሪ አልነበረም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እንዲህ ያለው ኩል ለመዋቢያነት እንዳይውል ከልክሏል። ጥላሸት የሆነው ኩል ሌላ ነገር ነው፤ ግን በዓይን አይተሽ ልትለዪው አትችዪም። ከምን እንደተሠራ ያልተጻፈበትን አትግዢ። ሕፃን ልጅ ዓይን ላይማ በፍጹም። ልጅ ዓይኑን ያሻል፣ እጁን ደግሞ ወደ አፉ ይወስዳል፤ ሊድ ለልጅ አእምሮ ጎጂ ነው።

አንድ ኩል ስንት ጊዜ ልጠቀምበት?

ማስካራና ፈሳሽ ከተከፈቱ ከ3 እስከ 4 ወር። የሚቀረጽ እርሳስ ከዚያ ይበልጥ ይቆያል፤ ምክንያቱም በቀረጽሽው ቁጥር የቆሸሸው ጫፍ ይወገዳል። መቅረጫውንም አጽጂው። ዓይንሽ ከታመመ ግን በዚያ ሰሞን የተጠቀምሽበትን ሁሉ ጣይ፣ ውድም ይሁን። ለጓደኛ ማዋስ የለም። ቅር ብትሰኝም።

ማታ እንዴት ላስለቅቀው?

በማሸት አይደለም። ዘይት ያለበትን ማስለቀቂያ ጥጥ ላይ አድርጊና የተጨፈነ ዓይንሽ ላይ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ያዢው። ኩሉ ይቀልጣል። ከዚያ ወደ ታች ጠረግ። ሽፋሽፍቱ ሥር የቀረውን ጫፉ ጥጥ በሆነ ስንጥር በቀስታ አውጪው፤ አቀባባችን ክፍተት መሙላት ስለሆነ ዋናው ቅሪት እዚያ ነው ያለው። መጨረሻ ላይ ፊትሽን ታጠቢ። ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት ካስለጠፍሽ ግን ዘይት ያለበትን ተዪው፤ ማጣበቂያውን ሊያላላው ይችላል።

ለምን በንቅሳት አስደርጌ አልገላገልም?

ፈተናው ይገባኛል። ግን ጥቂት ነገር አስቢ። ንቅሳቱ የሚደረገው እነዚያ ዕጢዎች አጠገብ ነው፤ መርፌው ሲጎዳቸው የዓይን መድረቅ ሊያስከትል ይችላል። ቀለሙ ከዓመታት በኋላ ይደበዝዛል፣ አንዳንዴም መልኩን ይቀይራል። የፊት ቆዳ ደግሞ ከዕድሜ ጋር ይወርዳል፤ መስመሩ አብሮ ይወርዳል። ዛሬ ያማረብሽን ውፍረት ነገ ላትወጂው ትችያለሽ፣ ማጥፋቱም ዓይን አጠገብ ስለሆነ ቀላል አይደለም።

ወስነሽ ከሆነ ቀጭኑን አስመርጪ፣ መርፌው አዲስና የታሸገ መሆኑን በዓይንሽ እዪ፣ አለርጂ ካለብሽ አስቀድመሽ ተናገሪ። ወደፊት የኤምአርአይ ምርመራ ከታዘዘልሽም ንቅሳቱን ለባለሙያው ንገሪ። አልፎ አልፎ በምርመራው ወቅት ቦታው ላይ የማቃጠል ስሜት ወይም እብጠት ያጋጠማቸው ሰዎች አሉ።